ብርቱካን የሚዘንብባት ከተማ

በቤልጅግ አገር፣ ከብሩክሴል በስተ ደቡብ፣ በአሮጌ የድንጋይ ቅጥር የተከበበች ባንሽ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በአዘቦት ቀን ለሚያልፍባት መንገደኛ እንደ ማንኛዋም ከተማ ጸጥ ያለች ናት። የካቶሊኮች ዐቢይ ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ግን መልኳ ይለወጣል። እኛ ቅበላ የምንለውን ጊዜ ፈረንጆቹ ካርኒቫል ይሉታል።

የበዓሉ ጌታ «ዢል» ይባላል። ስሙ ለጆሯችን «ጅል» መስሎ ይሰማል፤ ዳሩ ግን ለባንሽ ሰው ዢል መሆን ትልቅ ክብር ነው። የቅበላው ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ቤተ ሰቦቹ ከበው ያለብሱታል፤ ደረቱና ጀርባው እስኪያብጥ ጭድ ይጠቀጥቁበታል፤ ወገቡን ቃጭል ያስታጥቁታል፤ የእንጨት ጫማ ያጫሙታል። ከዚያ በኋላ ከበሮ መቺው ከደጁ መጥቶ ይወስደዋል። ከቤት ወደ ቤት ሲዞሩ ሁለቱ ዐራት፣ ዐራቱ ዐሥር እየሆኑ በመጨረሻ አደባባዩን ይሞሉታል።

ጠዋት ሁሉም አረንጓዴ መነጽር የተሣለበትን አንድ ዐይነት የሰም ጭምብል ያጠልቃሉ፤ ስለዚህ ሐኪሙን ከወዛደሩ መለየት ያስቸግራል። ከሰዓት በኋላ ጭምብሉ ወልቆ ታላቅ የሰጎን ላባ ቆብ ይደፋል፤ ከቅርጫት ብርቱካን እያወጡም ለሕዝቡ ይወረውራሉ። የቤቶቹ መስኮቶች እንዳይሰበሩ አስቀድመው በሽቦ መረብ ይሸፈናሉ። ብርቱካኑ ስጦታ ነውና መልሶ መወርወር ነውር ነው።

በ1549 እ.ኤ.አ. የሀንጋሪ ንግሥት የነበረችው ማርያም ለወንድሟ ለንጉሠ ነገሥት ካርል 5ኛ በባንሽ ታላቅ ግብዣ አድርጋ ነበር። ዢሎቹ ከዚያ ግብዣ፣ በፔሩ ኢንካዎች አምሳል የተገኙ ናቸው የሚል ወግ አለ፤ የታሪክ ሊቃውንት ግን አይቀበሉትም።

የባንሽ ሰዎች ከወጉ ይልቅ የሚጠብቁት ሕጉን ነው። ዢል ያለ ከበሮ ከቤቱ አይወጣም፤ ልብሱን ለብሶም ከባንሽ ውጭ አይጨፍርም። ዢል የሚሆነው የከተማው ሰው የሆነ ወንድ ብቻ ነው። ሴቶች በዝግጅቱ ብዙ እየደከሙ ይህን ክብር አለማግኘታቸው ለዘመናችን ሰው ጠባብ ሆኖ ቢታይ አያስደንቅም። ቢሆንም በዓሉ የገበያ ዕቃ ሳይሆን የቆየው በዚህ ጥብቅነት ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓሉን ከሰው ልጅ ድንቅ ቅርሶች አንዱ ብሎ አወጀው። ዝና ሲመጣ ብዙ በዓል እንግዳ ወዳለበት መድረክ ይጓዛል፤ ባንሽ ግን እንግዳውን ወደ ደጇ ታስመጣዋለች።

ማክሰኞ ማታ እሳት ይነድዳል፤ ርችት ይተኰሳል። ከበሮው እስኪነጋ ይመታል፤ ረቡዕ ጾሙ ይገባል።