ፓሳዴና፤ የጽጌረዳው ገበቴ

ጣሊያናዊው ሮቤርቶ ባጆ በ1994 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ፍጹም ቅጣት ምቱን ከአግዳሚው በላይ ሰድዶ፣ እጁን በወገቡ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ የቆመበትን ሜዳ በሥዕል ያላየ የኳስ ወዳጅ ብዙ አይገኝም። ሜዳው ሮዝ ቦውል ይባላል፤ የሚገኘውም በካሊፎርኒያ፣ ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በፓሳዴና ከተማ ነው። የከተማውን ሰው ስለዚህ ሜዳ ብትጠይቁት ግን ባጆንም ብራዚልንም አስቀድሞ አያነሣም። ለርሱ ሮዝ ቦውል ማለት በፈረንጆች አዲስ ዓመት፣ በጃንዋሪ 1 ቀን፣ ከቀትር በኋላ የሚደረገው የኮሌጅ ተማሪዎች ጨዋታ ነው። ቀኑ በእኛ ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ላይ ይውላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶችና ወሮች ግን ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታው እግር ኳስ ይባል እንጂ የእኛ ዐይነቱ አይደለም። ኳሱ በሁለት ወገን የሾለ ነው፤ በእጅ ይያዛል፣ በእጅ ይወረወራል። የራስ ቁርና የትከሻ መከላከያ ያጠለቁ ጎረምሶች ዐሥራ አንድ በዐሥራ አንድ ሆነው እየተገፋፉ መሬት ይሻማሉ። አጥቂው ወገን በአራት ሙከራ ውስጥ ዐሥር ያርድ፣ ማለት ዘጠኝ ሜትር ያህል፣ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ካቃተው ኳሱን ለባላጋራው ያስረክባል። ሕጉ ከዚህ የበዛ ቢሆንም ለመንገደኛ ይህ ይበቃል።

በሎስ አንጀለስ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከ2002 ጀምሮ በከተማው ፈቃድ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ የሚጠራ ሰፈር አለ። እዚያ ቁርሱን ፍርፍር በልቶ የሚነሣ ያገራችን ሰው መኪና ባይኖረውም አይቸገርም፤ ዩኒየን ከተባለው ትልቁ ጣቢያ የኤ መስመር ባቡር ፓሳዴና መኻል ድረስ ያደርሰዋል። መኪና ያለው ደግሞ በ1940 በተከፈተው በአሮዮ ሴኮ አውራ ጎዳና ይነዳል። አሮዮ ሴኮ በስፓኝ ቋንቋ ደረቅ ወንዝ ማለት ነው። ሸለቆው ከሳን ጋብርኤል ተራሮች ግርጌ ተነሥቶ የከተማውን ምዕራብ ታክኮ ይወርዳል፤ በላዩም በ1913 የተሠራ ቅስት በቅስት የሆነ የሲሚንቶ ድልድይ ተዘርግቶበታል።

ስታዲዮሙን ከሩቅ አየዋለሁ ብሎ የሚጠብቅ ይታለላል። በሸለቆው ወለል ላይ ተቆፍሮ ስለ ተሠራ የታችኛው ክፍሉ ከመሬት በታች ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ዝቅ ያለ ግንብ ይመስላል። በበሩ ገብተው ብቅ ሲሉ ግን ሜዳው ከእግርዎ በታች ይከፈትና ዘጠና ሺህ ያህል ሰው ዙሪያውን ተደርድሮ ይታያል። ቦውል ማለት ጎድጓዳ ሳህን፣ ባገራችን አነጋገር ገበቴ ማለት ነውና ስሙ ተስማምቶታል። በ1973 ጨዋታ ዕለት 106,869 ሰው ገብቶበት ነበር። ጎረቤቱ የጎልፍ ሜዳ ነው፤ በጨዋታ ቀን በዚያ በለመለመ ሣር ላይ በሺህ የሚቈጠሩ መኪናዎች ይቆሙበታል፤ ባለቤቶቻቸውም የኋላውን ክዳን ከፍተው ሥጋ ሲጠብሱ ይውላሉ።

ከጨዋታው የሚቀድመው ግን ሰልፉ ነው። በ1890 የከተማው የአደን ክበብ አባሎች፣ ኒው ዮርክ በበረዶ ተቀብራ ሳለች እዚህ ጽጌረዳ ማበቡን ለዓለም ለማሳየት ሠረገሎቻቸውን በአበባ አስጊጠው ወጡ። ያ ልማድ ዛሬ ኮሎራዶ በተባለው ጎዳና ላይ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ታላቅ ትርኢት ሆኗል። ባለ አበባ መኪናዎቹ የሚታየው አካላቸው ሁሉ በአበባ፣ በቅጠል፣ በዘር ወይም በዛፍ ልጣጭ መሸፈን አለበት፤ ቀለም ቀብቶ ማለፍ አይፈቀድም። ሕዝቡም ከዋዜማው ቀትር ጀምሮ ብርድ ልብሱንና ወንበሩን ይዞ በጎዳናው ዳር ቦታ ያዥ ሆኖ ያድራል። ጃንዋሪ 1 እሑድ ላይ ከዋለ ሰልፉም ጨዋታውም ወደ ሰኞ ይተላለፋል፤ ይህ ልማድ ከ1893 ጀምሮ አልተሰበረም።

ኳሱ የበዓሉ ጭማሪ ሆኖ የመጣው በ1902 ነው። ከሚሺጋን የመጡት ልጆች ስታንፎርድን 49 ለ 0 ሲያደርጉት ስታንፎርዶች ሰዓቱ ሳያልቅ ይብቃን ብለው ወጡ። አዘጋጆቹ በዚህ ውርደት ተከፍተው ኳሱን ተዉና፣ እንደ ጥንት ሮማውያን በፈረስ የሚጐተት የሠረገላ እሽቅድምድም አደረጉ። ኳስ የተመለሰው በ1916 ነው፤ አሁን ያለው ስታዲዮም በ1922 ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ከተሞችም ስሙን እየተዋሱ የብርቱካን ቦውል፣ የስኳር ቦውል፣ የጥጥ ቦውል አሉ። በ1929 አንድ የካሊፎርኒያ ተጫዋች የወደቀ ኳስ አንሥቶ ወደ ገዛ ራሱ ግብ የሮጠው እዚህ ነው፤ የራሱ ጓደኛ ተከትሎ ደረሰበት፤ ካሊፎርኒያም በአንድ ነጥብ፣ 8 ለ 7፣ ተሸነፈች።

ከ1947 ጀምሮ ጨዋታው በሁለት የኮሌጆች ማኅበሮች ስምምነት ጸና፤ ይኸውም ቢግ ቴን የተባለው የመካከለኛው ምዕራብ ማኅበር አንደኛ፣ ከፓሲፊክ ዳርቻ ማኅበር አንደኛ ጋር ይገናኝ ነበር። የዚህን ትርጉም ለመረዳት ከሚሺጋን ወይም ከኦሃዮ በረዶ ውስጥ የሚወጣውን ተማሪ ማሰብ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚመኘው ሻምፒዮንነትን ሳይሆን ፓሳዴናን ነበር። ጨዋታው በስምንት ሰዓት ይጀመር ነበር፤ ወደ ማብቂያው ሲደርስ ፀሐይ ትዘቀዝቅና የሳን ጋብርኤል ተራሮች በመጀመሪያ ወርቅማ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ ይሆኑ ነበር። በአሜሪካ ቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን የሚያይ ሁሉ ያንን ብርሃን ያውቀዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የጎደለው አንድ ነገር ነበር፤ የአገሩ አንደኛ ማን ነው? ለሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረም። በላይኛው ክፍል የሚጫወቱት ኮሌጆች ዛሬ ከ130 በላይ ናቸው፤ እያንዳንዱም ዐሥራ ሁለት ያህል ጨዋታ ብቻ ስለሚያደርግ ሁሉም ከሁሉም ሊገናኝ አይችልም። ስለዚህ ከ1936 ጀምሮ ጋዜጠኞች፣ ከ1950 ጀምሮ ደግሞ አሠልጣኞች ድምፅ እየሰጡ አንደኛውን ይሠይሙ ነበር። በ1997 ወቅት ሚሺጋንም ነብራስካም ሳይሸነፉ ጨረሱ፤ አንዱ በፓሳዴና፣ ሌላው በማያሚ አሸነፈ፤ ጋዜጠኞቹ ሚሺጋንን፣ አሠልጣኞቹ ነብራስካን መረጡ። ሁለቱ ቡድኖች ፊት ለፊት ሳይተያዩ ሁለቱም ሻምፒዮን ተባሉ።

ይህን ለማስቀረት በ1998 የኮምፒዩተር ስሌት ከድምፁ ጋር ተደባልቆ ሁለት ቡድን ለፍጻሜ እንዲመርጥ ተደረገ። በ2003 ወቅት ግን ጋዜጠኞቹም አሠልጣኞቹም አንደኛ ያሉትን የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን ስሌቱ ሦስተኛ አድርጎ ከፍጻሜው አስቀረው። ይባስ ብሎ ቦይዚ ስቴት የተባለው የአይዳሆ ኮሌጅ በ2006 ወቅት ዐሥራ ሦስት ጊዜ ተጫውቶ ዐሥራ ሦስቱንም አሸነፈ፤ ትልቁን ኦክላሆማን በአሪዞና 43 ለ 42 ረታ፤ ነገር ግን ስም ካላቸው ማኅበሮች ስላልነበረ ሻምፒዮን ያለው የለም። ሳይሸነፍ ሽልማት የተነፈገ ሰው ጥሎ ማለፍ ይደረግልኝ ቢል ማን ይፈርድበታል?

ጥሎ ማለፉም መጣ፤ በ2014 ወቅት በአራት ቡድን፣ በ2024 ወቅት በዐሥራ ሁለት። የሚመርጡትም ቴክሳስ ውስጥ በአንድ ሆቴል የሚሰበሰቡ 13 ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ነው። ክርክሩ ግን አልቀረም፤ ቦታውን ቀየረ እንጂ። በ2023 ፍሎሪዳ ስቴት 13 ጊዜ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ፣ ዋናው ኳስ ወርዋሪው እግሩን ስለ ተጎዳ ኮሚቴው ከአራቱ ውጭ አደረገው። ልጆቹ ልባቸው ተሰብሮ፣ ከሃያ በላይ ተጫዋቾች ሳይሰለፉ፣ በብርቱካን ቦውል በጆርጂያ 63 ለ 3 ተሸነፉ። በ2025 ደግሞ ከዐሥራ ሁለቱ የተቀረው ኖትር ዳም ሌላ ቦውል አልጫወትም ብሎ ቤቱ ተቀመጠ።

ፓሳዴና ላይ በጃንዋሪ 1 ቀን 2025 የሆነውን ግን ከሁሉ ይልቅ ልብ ይሏል። ኦሬጎን ማንም ሳያሸንፈው፣ 13 ለ 0 በሆነ መዝገብ፣ አንደኛ ተብሎ ወደ ሮዝ ቦውል መጣ። የገጠመው ኦሃዮ ስቴትን ነው፤ ይኸንኑ ቡድን በኦክቶበር 32 ለ 31 አሸንፎት ነበር። ኦሃዮ ስቴት ከዚያም ሌላ በሚሺጋን ተሸንፏል። በዚያ ቀን ግን ኦሃዮ ስቴት 41 ለ 21 አሸነፈ፤ በጃንዋሪ 20ም አትላንታ ላይ ኖትር ዳምን ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። እንግዲህ ሁለት ጊዜ የተሸነፈው አንደኛ፣ አንድ ጊዜ የተሸነፈው ተሰናባች ሆነ። የጥሎ ማለፍ ወዳጆች፣ በሜዳ ላይ ተወስኗል፤ ከዚህ ሌላ ምን ፍርድ ትፈልጋላችሁ? ይላሉ። ባላጋራዎቻቸው ደግሞ፣ የኦክቶበሩስ በሜዳ ላይ አልነበረምን? ብለው ይጠይቃሉ። እኔ በዚህ ላይ ወደ ኋለኞቹ አደላለሁ። ጥሎ ማለፍ በጃንዋሪ ማን እንደ በረታ ያሳያል፤ ዓመቱን ማን እንደ ያዘው ግን አያሳይም። ቢሆንም የቦይዚን ልጆች ሳስብ፣ ወደ ቀድሞው እንመለስ ለማለት አፌ አይደፍርም።

በዚያው ጨዋታ ላይ ሌላም ነገር ታይቷል። ሁለቱም ቡድኖች የቢግ ቴን አባሎች ነበሩ። የፓሲፊኩ ማኅበር ከዐሥራ ሁለት አባሎቹ ዐሥሩ በ2024 ጥለውት ስለ ሄዱ ያ የበረዶና የፀሐይ ግጥሚያ ፈርሷል። ነገሩን የገፋው የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው፤ ኢ.ኤስ.ፒ.ኤን. የተባለው ድርጅት ከ2026 ጀምሮ ላሉት ስድስት ዓመቶች ለጥሎ ማለፉ 7.8 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል። ከ2025 ጀምሮ ኮሌጆቹ ራሳቸው ለተጫዋቾቻቸው መክፈል ተፈቅዶላቸዋል፤ ስለዚህ ተማሪ የሚለው ስም ራሱ እየላላ ነው።

ትንንሾቹ ቦውሎች ግን በየአገሩ እንደ ልማዳቸው ይቀጥላሉ፤ አርባ ያህል ናቸው። በሰሜን ካሮላይና ያሸነፈው አሠልጣኝ በራሱ ላይ ማዮኔዝ ይደፋበታል፤ በአይዳሆ የተጠበሰ ድንች ይበተንበታል፤ በፍሎሪዳ ያሸነፉት ልጆች የጨዋታውን ምልክት፣ ሰው የሚያህል ጣፋጭ ቂጣ፣ ቆርሰው ይበሉታል። የሚስቅ ይሳቅ፤ ነገር ግን ከነዚህ ቦውሎች እያንዳንዱ አንድ ቡድን ዓመቱን በድል ፈጽሞ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ያደርጋል። ጥሎ ማለፍ ከዐሥራ ሁለቱ መኻል ዐሥራ አንዱን አስከፍቶ ይሸኛል።

ፓሳዴናም የከፈለችው አለ። በ2022 መጨረሻ የሮዝ ቦውል ሰዎች ጥሎ ማለፉ እንዲሰፋ ሲፈቅዱ ለብዙ ዘመን የጠበቁትን ያን የቀትር በኋላ ሰዓት ዋስትና ለቀቁ። በ2026 የማታው ጨዋታ እንዳይጋፋ ተብሎ ጅማሬው ከስምንት ወደ ሰባት ሰዓት ተሳበ፤ በዚህ አኳኋን ተራሮቹ ሐምራዊ ሳይሆኑ ጨዋታው ሊያልቅ ይችላል። ከ1982 ጀምሮ በዚህ ሜዳ የሚጫወተው ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. የተባለው ዩኒቨርሲቲም ወደ ሌላ አዲስ ስታዲዮም ሊዛወር ነው ተብሎ፣ ውሉ እስከ 2044 ነው የምትለው ከተማ በ2025 ክስ መሥርታበታለች።

በጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ሰልፉ ላይ ዝናብ ዘነበ፤ ከ2006 ወዲህ ሰልፉ ሲዘንብበት የመጀመሪያው ነው። ለኢንዲያና ሰዎች ግን ዝናቡ ምንም አልነበረም። ለረጅም ዘመን በመሸነፍ የታወቀው ይህ ዩኒቨርሲቲ ሮዝ ቦውልን የረገጠው አንድ ጊዜ፣ በ1968፣ ነበር፤ ከ58 ዓመት በኋላ ተመልሶ አላባማን 38 ለ 3 አሸነፈ። በቀድሞው ዘመን ቢሆን ኖሮ ወቅቱ በዚያ ያበቃ፣ የአያቱን ታሪክ ሲሰማ ያደገ ተማሪም አንዱን ጉዞ በቁጠባው ችሎ ይመለስ ነበር። አሁን ግን ገና ሁለት ትኬት ይቀረዋል፤ በጃንዋሪ 9 ለግማሽ ፍጻሜው አትላንታ፣ በጃንዋሪ 19 ለፍጻሜው ማያሚ። ኢንዲያና ሁለቱንም አሸንፎ 16 ለ 0 ጨረሰ፤ በስንት የአውሮፕላን ዋጋ እንደ ሆነ ደጋፊዎቹ ይወቁት።

ለጨዋታው ትኬት አቅሙ ያልፈቀደ መንገደኛ ሰልፉን ከጎዳናው ዳር ቆሞ ያለ ክፍያ ያያል። ሰልፉ ካለፈ በኋላም ባለ አበባ መኪናዎቹ በከተማው ምሥራቅ ወገን ተደርድረው ለሁለት ቀን ያህል በመጠነኛ ዋጋ ይታያሉ፤ ከቅርብ ሲያዩአቸው አንበሳው ጋሜ የተሠራው ከሽንኩርት ዘር ይሁን ከአበባ መለየት ይቻላል። ጽጌረዳዎቹ ሳይጠወልጉ ለመድረስ የሚፈልግ በመጀመሪያው ቀን ቢሄድ ይሻለዋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሸለቆው ቶሎ ስለሚቀዘቅዝም ኮቱን አይርሳ።