በካራዶን ኮረብታ ሥር

በሐምሌ ወር፣ በአገራችን ክረምቱ ሲበረታ በእንግሊዝ አገር ግን በጋ በሆነበት ጊዜ፣ በደቡብ ምዕራብ ጫፍ ወደሚገኘው ወደ ኮርንዎል ሄደን ካራዶን የሚባለውን ኮረብታ አየን። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 371 ሜትር ብቻ ስለ ሆነ ለደጋ ሰው ዓይን ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ቦድሚን በተባለው ዛፍ አልባ፣ ሣርና ረግረግ በሞላበት ምድር ዳር ስለ ቆመ ከሩቅ ይታያል።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1836 ዓ.ም. ገደማ በኮረብታው ደቡባዊ ግርጌ ብዙ መዳብ ተገኘ። ሠራተኛው ከየስፍራው ጎረፈ፤ እንደ ፔንሲልቫ ያሉ መንደሮች በሰው ሞሉ፤ በ1844 ማዕድኑን ቍልቍል የሚያጓጕዝ የባቡር ሐዲድ ተከፈተ። ወንዶቹ በሻማ ብርሃን ከምድር በታች ሲቈፍሩ ሴቶችና ልጆች በላይ ሆነው ማዕድን ያዘለውን ድንጋይ በመዶሻ ይሰብሩ ነበር። ይሁን እንጂ ሀብቱ እየመነመነ፣ ከባሕር ማዶ በሚመጣውም መዳብ ምክንያት ዋጋው እየወደቀ ስለ ሄደ፣ በ1880ዎቹ ትልቁ ጕድጓድ ተዘጋ። ብዙ አባቶች ቤታቸውን ትተው እንጀራ ፍለጋ እስከ አውስትራልያና አሜሪካ ተሰደዱ። ከጕድጓዱ ውኃ ይስቡ የነበሩት የእንፋሎት ሞተሮች ዛሬ የሉም፤ ጣራ የሌላቸው የድንጋይ ቤቶቻቸው ግን ከነጭስ ማውጫቸው ቆመዋል፤ በጎችም በዙሪያቸው ይግጣሉ።

ሚንየንስ በተባለችው መንደር አጠገብ በሦስት ክብ የተተከሉ የጥንት ድንጋዮች አሉ። የአገሩ ሰዎች በሰንበት ኳስ ሲጫወቱ ድንጋይ የሆኑ ናቸው እያሉ ለልጆቻቸው ይተርካሉ፤ ሊቃውንት ግን ከክርስትና ዘመን አስቀድሞ የቆሙ መሆናቸውን ያስረዳሉ። በሰንት ክሊር መንደር ደግሞ በ15ኛው ምዕት ዓመት የድንጋይ ቤት የተሠራለት ምንጭ አለ፤ ቀድሞ ሕሙማን ይጠመቁበት እንደ ነበር ሲነገረን የአገራችንን ጠበል አሰብን።

ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ የ9ኛው ምዕት ዓመት የመስቀል ስባሪ ይገኛል። በላዩ ዶኒየርት ስለ ነፍሱ እንደ ለመነ በላቲን ተጽፏል። ይህ ሰው በ875 ገደማ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ የሞተው የኮርንዎል ንጉሥ እንደ ሆነ ይታመናል። ንጉሡስ ልመናውን በድንጋይ አስጽፎ ተወ፤ በጨለማ ሲቈፍሩ የሞቱት ድኆች ግን ማን ይለምንላቸው? ይህን አስበን ስለ እነርሱም አቡነ ዘበሰማያት ደገምን። ውድ አንባብያን፣ በየቤታችን ማዕድ ስንባርክ፣ ከቤቱ ርቆ የሚደክመውን፣ ስሙም የማይታወቀውን ሠራተኛ በጸሎት እናስበው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።