መስታወቱ ለማን ነው?

ወዳጆች፣ ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ዞር ብለን ስለ አንድ መስታወት እናውራ። ወሬው መጨረሻ ላይ ወደ አገር ጉዳይ መመለሱ አይቀርም።

የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። እኔ ጉባ የደረስኩት ካሜራው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ ነው። መንኩሽ አቅራቢያ የተሳፈርኩበት ሞተር ጭቃ ላይ ተንሸራተተና በቀኝ እጄ ላይ ወደቅሁ። የእጄ አንጓ ተሰንጥቆ ጄሶ ታሰረልኝ። በጻፈው ልክ ለሚከፈለው እንደኔ ያለ ጋዜጠኛ ቀኝ እጅ ማለት ደመወዝ ነው።

ያረፍኩበት ቤት እናት በግራዬ እንጀራ ልቆርስ ስል አዩኝና «ተው ልጄ፣ በግራ አይበላም፤ እኔ አጎርስሃለሁ» አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው ጉርሻ እየተቀበልኩ ሰነበትኩ። ስልኬ ላይ አንድ አንቀጽ በግራ አውራ ጣት ለመጻፍ ግማሽ ቀን ሲፈጅብኝ፣ ያ እጅ ስንት ዓመት ሥራ ፈቶ እንደኖረ ገባኝ።

በዚህ መሀል አንድ ወዳጄ ቪዲዮ ላከልኝ። «በመስታወት ልምምድ ጤነኛ ሰውም ግራ እጁን እንደ ቀኙ ማድረግ ይችላል» ይላል። ሥልጠናው በክፍያ ነው። ገንዘቡን ከመላኬ በፊት ነገሩን ላጣራ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። መስታወት በሁለቱ እጆችህ መካከል ታቆማለህ። አንዱ እጅህ ከመስታወቱ ጀርባ ተደብቆ ያርፋል፤ ሌላው ፊት ለፊት ይሠራል። መስታወቱን ስታይ የሚሠራው የተደበቀው እጅ ይመስልሃል። ይህን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ትውልደ ሕንድ አሜሪካዊው የአንጎል ተመራማሪ ራማቻንድራን ነው። የፈለሰፈው ግን ለጤነኛ ሰው አልነበረም፤ እጃቸው ተቆርጦ ሳለ «የሌለው እጄ ያመኛል» ለሚሉ ሰዎች ነበር። ቀጥሎ ስትሮክ ለመታቸው ዋለ። በ2018 (እ.ኤ.አ.) 62 ጥናቶችንና 1,982 ሰዎችን ያካተተ የኮክሬን ግምገማ፣ ከስትሮክ በኋላ እንቅስቃሴን እንደሚያሻሽል አሳይቷል።

ጤነኛውስ? በ2012 (እ.ኤ.አ.) የጃፓን ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎች በቀኝ መዳፋቸው ሁለት ኳስ እያሽከረከሩ መስታወት እንዲያዩ አደረጉ። ያልሠራው ግራ እጅም ኳስ ማሽከርከር ተሻለው፤ መስታወት ካላዩት ሰዎች ይበልጥ። ስለዚህ ቪዲዮው ጨርሶ አልዋሸም።

ያልነገረን ግን አለ። አንደኛ፣ አንዱን እጅ ስታሠራ ሌላው ያለ መስታወትም ትንሽ ይማራል። ይህ በአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ በ1894 (እ.ኤ.አ.) የታየ ነገር ነው። ስለዚህ ለውጡ ሁሉ የመስታወቱ አይደለም። ሁለተኛ፣ የተለካው ኳስ ማሽከርከር ነው፤ መጻፍም ምስማር መምታትም አይደለም። ሦስተኛ፣ ከመስታወቱ የሚጠቀመው የተደበቀው እጅ ነው። እኔ ቀኜ በጄሶ ታስሮ፣ ግራዬን መስታወት ፊት ባሠራው ኖሮ፣ ግራዬ የሚማረው ስለሠራ ነበር። የመስታወቱ ድርሻ ለቀኜ ነው።

እጄ ከዳነ በኋላ አዲስ አበባ ሆኜ በሁለት ሎሚ ሞከርኩት። መጀመሪያ በግራ እጄ በግማሽ ደቂቃ 9 ዙር አዞርኩ። ለ10 ቀን ቀኜን መስታወት ፊት አሠርቼ፣ ግራዬን ደብቄ አሳረፍኩ፤ 13 ደረሰ። ከዚያ መስታወቱን አንስቼ ለሌላ 10 ቀን ግራዬን ራሱን አሠራሁት፤ 24 ሆነ። የአንድ ሰው ሙከራ ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ላይ መነሳቱም አይካድም። ለእኔ ግን በቂ ነበር። መሥራት የሚችል እጅ ካለህ አሠራው፤ በመስታወት አታሞኘው።

የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። ጦርነትና ግጭት የስንቱን አካል ባጎደለበት፣ ስትሮክ የስንቱን ቤት ባንኳኳበት አገር፣ መስታወቱ በክፍያ የሚሸጠው ሁለት እጁ ለሚሠራለት ሰው ነው። አሶሳ የአካል ማገገሚያ ማዕከል አለ። ከመንኩሽ አሶሳ ድረስ ያለውን መንገድ ግን በታሰረ እጅ ስለሄድኩበት አውቀዋለሁ፤ ግማሽ ጎኑ ላልታዘዘለት ሰው ምን እንደሚሆን አስቡት። መስታወት በሻንጣ ይገባል፤ ርካሽ ነው፤ መብራትም አይፈልግም። የሚጎድለው አሠራሩን የሚያሳይና የሚከታተል ባለሙያ በየወረዳው ጤና ጣቢያ መኖሩ ነው። ለግድቡ ከእያንዳንዳችን ኪስ አዋጥተናል። ግድቡ ላረፈበት ወረዳ አንድ ባለሙያ መመደብ ከዚያ የሚከብድ አይመስለኝም።

ባለፈው ለእኚያ እናት ደውዬ እጄ መዳኑን ነገርኳቸው። ስለ መስታወቱም ስለ ሎሚውም በሰፊው አወራኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «በቀኝህ ነው የምትበላው አይደል፣ ልጄ?» አሉኝ።

ቸር እንሰንብት።