መቀሱን አትፍሩት

ክሌማቲስን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተክል ሰው ከሁሉም በላይ የሚፈራው መቀሱን ነው። አምና ሦስት ሜትር የወጣች ሐረግ፣ አበባዋን አይቶ የተደሰተባት፣ ዘንድሮ ከጉልበት በታች ትቆረጥ ሲባል እጁ እሺ አይለውም።

ዘግይተው የሚያብቡት ዝርያዎች ግን አበባቸውን የሚያወጡት በዚያው ዓመት ባቆጠቆጠ ለጋ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ካልተቆረጡ አዲሱ ቅርንጫፍ የሚነሳው አምና ከቆመበት ጫፍ ስለሆነ ታች ራቁት ግንድ ይቀራል፤ አበባው ከዓይን በላይ ይሸሻል። ስለዚህ በአውሮፓ አትክልተኞች ቡቃያው ማበጥ ሲጀምር፣ የካቲት አካባቢ፣ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ትተው፣ ጠንካራ ጥንድ ቡቃያ ካለበት ከፍ ብለው ይቆርጧታል። በቡና አገር ያደገ ሰው ጉንደላን ያውቃልና ነገሩ አይከብደውም። ልዩነቱ፣ የተጎነደለ ቡና ፍሬ እስኪይዝ ከዓመት በላይ ያስጠብቃል፤ ይህቺ በሐምሌ ታብባለች፤ አበባዋም እስከ መስከረም ይዘልቃል።

ለጀማሪ ከጃክማኒ የተሻለች የለችም። በእንግሊዝ ዎኪንግ ከተማ የጃክማን ቤተሰብ ችግኝ ጣቢያ በ1858 እ.ኤ.አ. ያዳቀላት ናት፤ ከቻይና የመጣችው ላኑጊኖሳ ትልቁን አበባ፣ የደቡብ አውሮፓዋ ቪቲሴላ ደግሞ ጥንካሬውን አወረሷት። ጥቁር ሐምራዊ አበባዋ ዛሬም በብዙ አጥር ላይ ይታያል።

ስትተከል ማሰሮው ውስጥ ከነበረችበት ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ጠለቅ ትደረግ። ትልልቅ አበባ ያላቸውን ዝርያዎች በድንገት የሚያጠወልግ የፈንገስ በሽታ አለ፤ ላይዋ ቢሞት እንኳ አፈር ውስጥ ካለው ቡቃያ እንደገና ትነሳለች። ሥሯ እርጥበትና ጥላ፣ ራሷ ፀሐይ ትፈልጋለች። የምትወጣው በቅጠሏ ዘንግ እየተጠመጠመች ነውና ወፍራም እንጨት መጨበጥ አትችልም፤ ቀጭን ሽቦ ወይም ገመድ ይወጠርላት።

የኢትዮጵያ ደጋም ከዚሁ ወገን የሆነች አዞ ሐረግ አለችው። በጫካ ዳርና በቁጥቋጦ ላይ ተንጠላጥላ ነጣ ያለ አበባ ታወጣለች፤ ከዚያም ዘሯ ላባ የመሰለ ጭራ ያበቅላል። እንዲህ ያለች ተክል በከተማ ግቢዎች ቦታ ብታገኝ ምንኛ ባማረ! በባህል ሕክምና ለቁስል የምትውል ብትሆንም የክሌማቲስ ወገን ጭማቂ ቆዳን ይለበልባል፤ አዞ ሐረግንም ሆነ ጃክማኒን የሚቆርጥ ሰው ጓንት ያድርግ።