ሩዙን ማን አጣበቀው?

አቦሉ እስኪቀዳ ስለ ሩዝ እንጫወት። አንዱ ሩዝ ሲበስል ፍሬው ለየብቻው ይበተናል፤ ጃፓኖች ሱሺ የሚሠሩበት ደግሞ እርስ በርሱ ተያይዞ በእጅ ይጨበጣል። በባለሙያዋ አትፍረዱ፤ ነገሩ ያለቀው ገና ማሳው ላይ፣ ፍሬው ውስጥ፣ በህዋሱ አስኳል ነው።

ዘረመል ከአስኳሉ አይወጣም፤ የሚወጣው ቅጂው ነው። በኮቪድ ክትባት ጊዜ ስሙን የለመድነው ኤምአርኤንኤ ማለት ነው። ቅጂው ግን እንደተገለበጠ አይላክም። መሃል መሃሉ ላይ ኢንትሮን የሚባሉ ትርፍ ቁራጮች አሉበት፤ እነሱ ተቆርጠው ይጣላሉ፣ የቀረው ይሰፋል። ከፊቱ ቆብ፣ ከኋላው ጭራ ይደረግለታል። ይህን መቁረጥና መስፋት በእነ ፊሊፕ ሻርፕና ሪቻርድ ሮበርትስ ቤተ ሙከራዎች በ1977 እ.ኤ.አ. ተደረሰበት፤ ሁለቱም በ1993 ኖቤል ተሸለሙበት።

ወደ ድስታችን እንመለስ። በሩዝ ስታርች ውስጥ አሚሎስ ሲበዛ ሩዙ ይበተናል፤ ሲያንስ ይጣበቃል። አሚሎስን የሚሠራው ኤንዛይም የሚገኘው ዋክሲ ከተባለው ዘረመል ነው። የሱሺው ሩዝ በሚመደብበት፣ ጃፖኒካ በሚባለው የሩዝ ወገን በብዙው፣ በዚህ ዘረመል የመጀመሪያ ኢንትሮን መነሻ ላይ ጂ የነበረችው አንዲት ፊደል ቲ ሆናለች። የኤንዛይሙ መመሪያ ራሱ አልተነካም! የደበዘዘው ልብስ ሰፊ በጠመኔ እንደሚያሰምረው ያለ የመቁረጫ ምልክት ነው። መቀሱ ይወላውላል፤ ብዙው ቅጂ ኢንትሮኑን እንደያዘ ይቀራል። ኤንዛይሙ ያንሳል፣ አሚሎሱም አብሮት ያንሳል፣ ሩዙ ይጣበቃል።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ብርዱ ነው። ፍሬው በሚሞላበት ሰሞን አየሩ ከቀዘቀዘ፣ ምልክቱ እንደደበዘዘ ቢሆንም መቁረጡ ይሻሻላል፤ አሚሎሱም ይጨምራል። በሰሜን ጃፓን፣ በቀዝቃዛዋ ሆካይዶ የሚበቅለው ሩዝ ድሮ መጣበቅ ይጎድለዋል እየተባለ ይታማ የነበረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አዳቃዮች አሚሎሳቸው ያነሰ ዝርያዎች አውጥተው ስሙን አደሱለት። ዘሩ ያው ሆኖ ሳለ የዓመቱ አየር አስኳሉ ድረስ ገብቶ መቀሱን ይመራል ማለት ነው።

ለዚህ ነው ስለ ዘር ሲወራ "ምን ተጻፈበት?" ብቻ ብለን ማቆም የሌለብን፤ እንዴት ተቆርጦ እንደተሰፋም እንጠይቅ። ያን ሩዝ መጀመሪያ የመረጠው ገበሬ ፊደሏን አላያትም። አብስሎ ቀመሰ፣ ጣመው፣ ዘሩን ለከርሞ አስቀመጠ። ያቺ አንዲት ፊደል ከእኛ ማዕድ የደረሰችው በምላስ ተመርጣ ነው።