ፋይሉን የሚያውቀው ሰው ወጥቷል

ጉዳይ ይዞ በየቢሮው የተንከራተተ ሁሉ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያውቃታል፤ «ፋይሉን የሚያውቀው ሰው ወጥቷል፤ ነገ ተመለስ»። ፋይሉ ከመደርደሪያው አልጠፋም። የጠፋው አደራደሩ ነው። አደራደሩ ያለው በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ስለሆነ ሰውዬው ምሳ ሲሄድ ፋይሉም አብሮት ምሳ ይሄዳል።

በሽታው ከአቧራማው ክላሰር ጋር የሚቀር እንዳይመስላችሁ። ሶፍትዌር የሚሠራው የእህቴ ልጅ አገር ለቆ የሄደ ባልደረባውን ሥራ ተረክቦ ሁለት ሳምንት ፍዳውን አየ። ፎልደሮቹ «አዲስ»፣ «አዲስ 2»፣ «የመጨረሻ»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» ይባላሉ። «ጋሼ፣ የትኛው እንደሚሠራ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው» አለኝ።

ለዚህ መድኃኒት አላቸው፤ ቴምፕሌት ይሉታል። ፕሮግራመሩ ሥራ ሲጀምር ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ከመፍጠር ይልቅ አንዲት ትእዛዝ ይጽፋል፤ ቤቱ ከነክፍሎቹ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2004 ዴንማርካዊው ዴቪድ ሃይነማየር ሃንሰን ያወጣው ሩቢ ኦን ሬይልስ ይህን ልማድ ካስፋፉት አንዱ ነው። ዋናው ኮድ «አፕ» በሚባለው ፎልደር፣ የዳታቤዙ ጉዳይ «ዲቢ» ውስጥ፣ መፈተሻው «ቴስት» ውስጥ ይገባል። ቶኪዮ የተጻፈውን ሥራ አዲስ አበባ ያለ ልጅ ሲከፍተው፣ የቱ የት እንዳለ ማንንም ሳይጠይቅ ያገኘዋል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ክቡ ቤተ ክርስቲያናችን ሦስት ክፍል አለው፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ከጎጃም የመጣ መሪጌታ ሸዋ ሲገባ የት እንደሚቆም አይጠፋውም። ያሠራው ሰው ከሞተ መቶ ዓመት ቢያልፈውም ቤቱ ራሱ ይናገራል።

ታዲያ ቴምፕሌት ክፍል ይሰጣል እንጂ ዕቃ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2005 ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመረው ጊት የተባለው የኮድ መዝጋቢ ባዶ ፎልደር አይመዘግብም። ፕሮግራመሮቹ ምን ያደርጋሉ? «ጊትኪፕ» የምትባል ባዶ ፋይል ያስቀምጡበታል። ባዶውን በባዶ ያስጠብቁታል ማለት ነው! አንዳንዱ ክፍል ነገ ዕቃ ይገባበታል፤ ደግ። አንዳንዱ ግን ለምን እንደተሠራ ሳይታወቅ ዘመኑን ይፈጽማል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህንኑ አይቻለሁ። የመመረቂያ ጽሑፉ ሁሉ «የጥናቱ ዳራ»፣ «የጥናቱ ዓላማ»፣ «የጥናቱ አስፈላጊነት» እያለ ተሰልፎ ይመጣል። አስፈላጊነቱ ሥር የምትገኘው ግን «ለሌሎች አጥኚዎች መነሻ ይሆናል» የምትል አንዲት መስመር ናት። ጊትኪፕ ማለት ይቺ ናት። ልጁ ጥያቄ ሳይኖረው የመልስ ሣጥን ታድሎታል።

የእህቴ ልጅ አሁን የሚያደርገውን ወድጄለታለሁ። ቤቱን በትእዛዝ ያቆማል፤ ከዚያ በየክፍሉ እየዞረ «አንተ ለምንድን ነህ?» ይላል። መልስ የሌለውን ያጠፋል። የቀረው ለምን እንደቀረ «ሪድሚ» በሚባለው ማስታወሻ ላይ ሁለት መስመር ይጽፋል። እሱም አንድ ቀን ይሄዳል፤ ማን ይቀራል? በእሱ ወንበር የሚቀመጠው ልጅ ግን ሁለት ሳምንት አይንገላታም። ያን ጊዜ የሚያውቀው ሰው ቢወጣ ይውጣ፤ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።