አበባ ጎመንና የታጠፉት ቅጠሎች

ልጆች ሆይ፥ አበባ ጎመንን ታውቃላችሁን? ከጥቅል ጎመን ጋር ዘሩ አንድ ነው። የሚበላው ክፍል በቅጠሎቹ መካከል የሚወጣው ነጭ ራስ ነው፤ ይህም ገና አበባ ለመሆን ያልደረሱ ብዙ ጥቃቅን ጫፎች ተጨናንቀው የሠሩት ነው። ሳይቈረጥ ቢቈይ ይበታተንና ቢጫ አበባ ያወጣል።

ይህ ተክል ብርዳማ አገር ይወዳል። እኔ የምኖርባት ሸዋ ሮቢት ግን በይፋት ቆላ የምትገኝ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ሙቅ አገር ናት። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማበርና በደብረ ሲና ቍልቍል የወረደ መንገደኛ ጋቢውን አውልቆ በክንዱ ይዞ ይገባባታል። በሮቢ ወንዝ ውሃ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም ነው። ስለዚህ በጓሮዬ አበባ ጎመን ልተክል ባልሁ ጊዜ ጎረቤቶቼ ሳቁብኝ።

በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ዘሩን በመደብ ላይ ዘራሁ፤ ቆላው ጥቂት ቀዝቀዝ የሚለው ከኅዳር እስከ ጥር ነውና። ከአምስት ሳምንት በኋላ ችግኙን አንዱን ከአንዱ ክንድ ያህል አራርቄ ተከልሁት፥ ፍግም ጨመርሁበት። ውሃ ከጐደለበት ራሱ ትንሽ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ተማሪዎቼ በየተራ ያጠጡልኝ ነበር። እኔም፥ «ነጩን ራስ ፀሐይ ከመታው ቢጫ ይሆናል» ብዬ ነገርኋቸው። መናገሬንም ወዲያው ረሳሁት።

በጥር መጨረሻ አንድ ቀን ማለዳ ብገባ፥ ከሁሉ የሚያምረው ተክል ትልልቅ ቅጠሎቹ ተሰብረው አገኘሁ። በዋዜማው ማታ ያጠጣውን ልጅ ጠርቼ፥ «ይህን ያደረግህ አንተ ነህን?» አልሁት። «አዎን፥ የኔታ፥ እኔ ነኝ» አለ። ስለ ምን እንዳደረገው ሳልጠይቀው በጓደኞቹ ፊት አጥፊ ብዬ ሰደብሁት፤ ሁለተኛም ከጓሮዬ እንዳይገባ ከለከልሁት። ልጁ ለታላቅ ሰው መልስ መስጠት ነውር እንደ ሆነ ተምሮ ነበርና አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ይህንንም ያስተማርሁት እኔ ነበርሁ።

ከስምንት ቀን በኋላ የደረሱትን ልቈርጥ ገባሁ። ፀሐይ ያገኛቸው ሁሉ ቢጫ ሆነዋል። የዚያን ተክል ቅጠሎች ገለጥ ባደርጋቸው ግን ከሥራቸው ያለው ራስ እንደ ባዘቶ ነጭ ሆኖ ቈየኝ። ቅጠሎቹ ለካ እንደ ክዳን ታጥፈው ኖሯል። ቢላዋዬን ይዤ ብዙ ጊዜ ቆምሁ።

በዚያው ማታ ያን ራስ ቈርጬ ለልጁ እናት ወሰድሁላቸው፥ የሆነውንም ነገርኋቸው። በማግሥቱም በሰደብሁበት ቦታ፥ በጓደኞቹ ፊት፥ ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱ አፍሮ መሬት መሬቱን ሲያይ ቈየና፥ «የኔታ፥ ትንንሾቹ አራቱ ገና ናቸው፤ ዛሬ ካልሸፈንናቸው ፀሐይ ይቀድመናል» አለኝ።

አብረን ሄድን። ቅጠሉ ተቀንጥሶ እንዳይወድቅ በየት በኩል እንደሚታጠፍ እርሱ አሳየኝ።